የሐዊ ጉዲና እና የጋዱሎ ሟቾች በአንድ መዝገብ ይጻፉ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ለኦሮሚያ እና ለሶማሌ ክልል ርዕሳነ መስተዳድር ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በምዕራብ ሐረርጌ ሐዊ ጉዲና እና ዳሮ ለቡ ወረዳዎች የተገደሉ ዜጎችን ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ታኅሣሥ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. በሐዊ ጉዲና ወረዳ 29 የኦሮሞ ተወላጆች ተገደሉ። ወሬው ዳሮ ለቡ እንደደረሰ ደግሞ ጋዱሎ በሚባለው ስፍራ ተጠልለው የነበሩ 32 የሶማሌ ተወላጆች በበቀል ተገደሉ። ሁለቱንም ቁጥር ለሕዝብ የነገሩት የወቅቱ የኦሮሚያ ክልል ቃል አቀባይ አቶ አዲሱ አረጋ ናቸው። አጥፊዎቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ እየተሠራ እንደሆነም ያን ጊዜ ሰምተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትር ተለውጧል፤ ገዥው ግንባር ፈርሶ ሌላ ፓርቲ ተተክቷል፤ የሁለቱም ክልሎች መሪዎች ተቀይረዋል። የ61ዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ግን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ይህን የምጽፈው ከቦኬ ነው። ቦኬ ለዳሮ ለቡ ጎረቤት ናት፤ የዚያ ሰሞን ሽብር በእኛም ደጅ አልፏል። የአንድ ወገን ጠበቃ ሆኜ አልጻፍኩም። ሐዊ ጉዲና ላይ የሞቱትን ወንድሞቼን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ነገር ግን የእነርሱን ደም የሚያነሣ፣ በስብሰባም በንግግርም ስማቸውን የሚጠራ ክልል አላቸው። ጋዱሎ ላይ የተገደለው ሶማሌ ግን ኦሮሚያ ውስጥ የሞተ ሶማሌ ነው። ለአንዱ ክልል የሌላ ሰው፣ ለሌላው ክልል ደግሞ ከወሰን ማዶ የቀረ ሰው ሆነ። ስለ እርሱ ከማንም ቀድመን መጠየቅ ያለብን እኛ ጎረቤቶቹ ነን። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ይህን ሰው አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ጫትና ቡና ነው። ዝቅ ሲል ማሽላው ይበዛል። ከማሽላው ወዲያ ቁጥቋጦው፣ ፍየሉና ግመሉ ይመጣል፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ሁሉ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። በዚያ ቆላ የሚኖረው ሶማሌ ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ጥቂት ፍየል፣ ከተገኘም ሁለት ሦስት ግመል። ድርቅ ሲመጣ አብሮት የሚያልቅ ሀብት ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ሐረርጌን ሲመታ የኦሮሞውን ማሽላም የሶማሌውንም ከብት አንድ ላይ ጨርሶታል። ጎረቤታሞቹ ሴፍቲኔት የሚጠብቁ፣ በአንድ ገበያ ወተትና ፍየል በእህልና በጫት የሚለዋወጡ፣ ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ፣ የተጋቡም ድሆች ናቸው። ልጆቻቸው ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀሉ ያድጋሉ። ከሁለቱ ድሆች የባሰው ድሃ ግን በቁጥር ያነሰው ነው። ቀበሌው ውስጥ ዘመድ ሊቀ መንበር የለውም፣ ሚሊሻው ውስጥ ወንድም የለውም፣ ወረዳ ቢሮ ሲሄድ በቋንቋው የሚያነጋግረው አያገኝም።

አናሳ ያደረገውም ስደት አይደለም። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች መካከል በሚያከራክሩ 420 ያህል ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ኦሮሚያ ተካለሉ። ወሰኑ ሰዉን ከቤቱ ሳያንቀሳቅስ በአንዱም በሌላውም በኩል አናሳ አደረገው። ውጤቱ ለዓመታት መሬት ላይ ሳይወርድ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. አቶ ለማ መገርሳ እና አቶ አብዲ መሐመድ ኡመር ሊያስፈጽሙት ተፈራረሙ። ፊርማው በደረቀ በወራት ውስጥ ነው ምሥራቁ በሙሉ በእሳት የተያያዘው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 የወሰን ክርክር በክልሎቹ ስምምነት፣ ካልሆነም በፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ እልባት ያግኝ ይላል። ምክር ቤቱ ግልባጭ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ወሰን አካልሎ በወሰኑ ሁለት ወገን ለሚቀረው አናሳ ጥበቃ ሳያበጁ መሄድ ሥራን በከፊል መተው ነው።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ሠራተኞች ላይ ጥቃት አድርሰው 65 ኢትዮጵያውያንንና 9 ቻይናውያንን ከገደሉ በኋላ፣ የሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ የሚባለው ኃይል ተቋቋመ። ያን ጊዜ የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ፣ ኋላም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ አብዲ መሐመድ ኡመር ኃይሉን በእጃቸው ያዙት። እኛ ሐረርጌዎች ይህን ኃይል ያወቅነው ወሰን ተሻግሮ ሲመጣ ነው። የሶማሌ እናቶች ግን ከእኛ አሥር ዓመት ቀድመው ያውቁታል። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በጋሻሞ ወረዳ ራቅዳ በተባለች መንደርና አካባቢዋ የልዩ ፖሊስ አባላት ቢያንስ 10 ወንዶችን ያለ ፍርድ መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች አጋልጧል። ጄይል ኦጋዴን ተብሎ በሚታወቀው የጅግጅጋ እስር ቤት የተፈጸመውን ማሠቃየት ደግሞ ያው ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ክረምት በዝርዝር አውጥቶታል። እዚያ የተሠቃዩት በአብዛኛው ሶማሌዎች ነበሩ። ጋዱሎ ላይ ገዳዮቹ፣ ሐዊ ጉዲና ላይ «ልዩ ፖሊስ ያደረገውን» ብለው የሶማሌውን አርብቶ አደር ሲያስከፍሉት፣ ከሁሉ ቀድሞ የዚያ ኃይል ግፍ የወረደበትን ሕዝብ ልጅ ነው ያስከፈሉት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

የ2010 ዓ.ም. መስከረምን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አወዳይ ላይ ሶማሌ ነጋዴዎች ተገደሉ። ከጅግጅጋና ከሌሎች የሶማሌ ክልል ከተሞች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ንብረታቸውን ጥለው ተባረሩ። ሶማሌዎችም ከኦሮሚያ ከተሞች እንደዚያው ወጡ። ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ፣ በሶማሌ ክልል በኩል ቆሎጂ፣ የሰው መጠለያ ሆኑ። ተፈናቃዩ በጊዜው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ሁለት የክልል መንግሥታት በመግለጫ ሲወራረፉ፣ ፌዴራሉ መካከል ላይ ቆሞ ሲያይ ከረመ። በታኅሣሥ 2 ምሥራቅ ሐረርጌ ጨለንቆ ላይ የመከላከያ ሠራዊት አባላት በከፈቱት ተኩስ 16 ሰዎች ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ሐዊ ጉዲና ሆነ፤ ከዚያ ጋዱሎ። በመጋቢት 1 ደግሞ ሞያሌ ላይ ወታደሮች ሲቪሎችን ገደሉ፤ የተሰጠው ምክንያት የተሳሳተ መረጃ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ በጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ የታኅሣሡን እልቂት ጎረቤታሞች በግጦሽና በውሃ ተጣልተው የተላለቁበት አድርጎ መዝጋትን አልቀበልም። ሐረርጌ በግጦሽና በውሃ ሲጣላ ኖሯል፤ ሲታረቅም ኖሯል። ያን ዓመት የተለየው ደመወዝ የሚከፈለው፣ መኪና የሚሰጠው፣ ጥይቱ ከመንግሥት መጋዘን የሚወጣለት ኃይል መግባቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕርቅ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ከቢሮ የሚሰጠን መልስ «በባህላችሁ ፍቱት» የሚል ነውና። ባህላችንን እናውቀዋለን። በኦሮሞ ጉማ አለ፤ በሶማሌ የደም ካሣ አለ፤ ለአንድ ወንድ ነፍስ 100 ግመል የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው። አባ ገዳው፣ ኡጋዙና ሼኹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ገዳዩ ባይያዝ እንኳ ጎሳው ይታወቃል፤ ጎሳው አዋጥቶ ይከፍላል፤ ሟች ወገን ካሣውን ተቀብሎ በቀሉን ይተዋል። ይህ ሥርዓት ለትውልዶች ሰው አድኗል፣ ዛሬም ያድናል። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ለገዳዩ የሚጠየቅለት ወገን። ዩኒፎርም ለብሶ ታዞ የገደለ ሰው በዚያ ዛፍ ሥር የሚቀርብለት ጎሳ የለውም። ልዩ ፖሊስ ሲገድል ጎሳው ማን ነው? መከላከያ ሲገድል ግመሉን ማን ያዋጣል? መንግሥት ነው ወገኑ። መንግሥት ደግሞ ለመቀመጥ አልመጣም። የመንግሥት ወንበር ባዶ ስለቀረ፣ ሐዊ ጉዲና ላይ ልጁ የሞተበት ሰው ጉማውን የሚጠይቀው ቢያጣ፣ ዕዳው በአቅራቢያው ባለው ደካማ ላይ ወረደ። ከየትኛውም ጎሳ ጠንካራ ዘብ በሌለው፣ ተጠልሎ በተቀመጠው ሰው ላይ ወረደ። ጋዱሎ እንዲህ ነው የሆነው።

ስለ ጋዱሎ ገዳዮች የምሸፍነው የለኝም። ከእኛ መካከል የወጡ ናቸው። ሐዘን የሰበረው ሰው የሚያደርገውን አያውቅም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሐዊ ጉዲና ላይ አንዲት ጥይት ያልተኮሱ፣ መጠለያ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎችን መግደል በየትኛውም ሐዘን አይታጠብም። የጥበቃውን ነገርም አልተወውም። ተፈናቃይ ሆኖ የተጠለለ ሰው በመንግሥት እጅ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ጥበቃ ላይ ስንት ፖሊስ ነበረ? ሐዊ ጉዲና ላይ የሆነው ከተሰማ በኋላ ሰዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ለማንሣት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር? ከዞን፣ ከወረዳ፣ ከሠራዊቱ ማን ተጠርቶ መቼ ደረሰ? ሚሊሻው ቆሞ ያየ እንደሆነ ቆሞ ማየቱ ራሱ ወንጀል አይደለም ወይ? የመንግሥት ግፍ የሚጀምረው ሁልጊዜ በጥይት አይደለም፤ ልጠብቅህ ብሎ ሰብስቦ፣ ሲመጡበት ገለል በማለትም ይፈጸማል።

አቶ አብዲ መሐመድ ኡመር በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ታሠሩ። የተከሰሱት ግን በሐምሌ መጨረሻ በጅግጅጋና አካባቢው ለተፈጸመው ጥፋት ነበር። የሐዊ ጉዲና 29 ሰዎች በዚያ ክስ ውስጥ አልነበሩም፤ ጋዱሎም አልነበረም፤ ከሶማሌ ክልል የተባረረው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰውም አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ያም ክስ ተቋርጦ ከእስር ወጡ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱና አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወሰነ። ውሳኔውን አልቃወምም። ነገር ግን ወደ ሌላ ዩኒፎርም የተሸጋገረው ሰው ሐዊ ጉዲና ላይ ይኑር አይኑር ሳይጣራ የሚሸጋገር ከሆነ፣ የሟች ልጅ ነገ መንገድ ላይ የአባቱን ገዳይ መታወቂያ ሲጠይቀው ሊያገኘው ነው።

ሕጉ በእጃችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልን ጨምሮ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የካምፓላውን የተፈናቃዮች ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ያዛል። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም። እኛን የሚያሠጋን እነዚህ ተቋማት ትልልቁን ጦርነት ብቻ ይዘው፣ ድምፁ የሚሰማውን ወገን ብቻ ሰምተው እንዳይቀሩ ነው። የጋዱሎ ሙታን ቤተሰቦች ጠበቃ የላቸውም። ሰልፍ የሚወጣላቸው ዲያስፖራ የላቸውም። ፍየል እየነዱ ከስልክ ሽፋን ውጪ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ፎርም ሞልታችሁ ኑ ብትሏቸው አይመጡም።

ኬንያን አስቡ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ ዋጂር አጠገብ፣ የኬንያ ወታደሮች የደጎዲያ ጎሳ ሶማሌ ወንዶችን ዋጋላ ወደሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሰብስበው ውሃና ምግብ ነፍገው፣ ብዙዎቹን ገደሉ። መንግሥት 57 ሰው ሞተ ብሎ ዘጋው። የሟች ሚስቶች አልዘጉትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን ሪፖርቱን ሲያወጣ የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ እጅግ የበለጠ እንደሆነ መዘገበ። በ2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ዋጂር ላይ መታሰቢያ ቆሟል። ካሣው ግን ይቅርታው እስከተጠየቀበት ቀን ድረስ አልተከፈለም፤ ብዙዎቹ መበለቶችም ሳያዩት አልፈዋል። ያም ድንበር አካባቢ ነበር፤ እነዚያም ድሆችና አናሳዎች ነበሩ። እኛ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ምስክሮቹ ዛሬ በሕይወት አሉ።

አንዳንድ ሰዎች «አሁን ሰላም ነው፤ ሁለቱ ክልሎች ታርቀዋል፤ ቁስል አትነካኩ» ይሉኛል። ሰላሙን አላቃልልም። ከ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በኦሮሞና በሶማሌ መካከል የመጣው መቀራረብ እውነተኛ ነው፤ የሶማሌ ክልልን የሚመሩት አቶ ሙስጠፌ መሐመድም ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት የዚያን ልዩ ፖሊስ ግፍ በአደባባይ ሲናገሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነው አሁን የምጠይቀው። ሰላም በሌለበት ጊዜ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢከፈት ለቂም ማገዶ ይሆናል። ሰላም ባለበት ጊዜ ካልተከፈተ ግን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን ብቻ ቆጥሮ ለልጁ ያወርሳል። ቦኬ ውስጥ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ልጅ ዛሬ 29ኙን በቃሉ ይነግራችኋል። 32ቱን አልሰማም። ከወሰኑ ማዶ ያለው እኩያው 32ቱን ያውቃል፤ 29ኙን አልሰማም። ሁለቱ ልጆች ጠመንጃ መያዝ የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ሊደርሱ ነው።

ስለዚህ የፍትሕ ሚኒስቴርን የምጠይቀው የሐዊ ጉዲናና የጋዱሎ ጉዳይ በሁለት ክልል ሁለት ፋይል ሆኖ ሳይሆን በፌዴራል ደረጃ በአንድ መዝገብ እንዲከፈት ነው። መርማሪዎቹ ወደ ቤተሰቦቹ ይሂዱ። ምስክርነቱ ዳሮ ለቡ፣ ሐዊ ጉዲናና ቦኬ ላይ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰማ፤ ሴቶች ለብቻቸው፣ በሴት መርማሪ፣ የሚናገሩበት ክፍል ይኑር። ወደ ቆሎጂ የሄዱት ቤተሰቦች ካሉበት ይፈለጉ። ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የራሱን ምርመራ አካሂዶ ውጤቱን ለሕዝብ ያውጣ። የሶማሌ ክልል የዚያን የታኅሣሥ ወር የልዩ ፖሊስ የስምሪት ትእዛዝ፣ የኦሮሚያ ክልልም የዳሮ ለቡን የጥበቃና የሚሊሻ ስምሪት ሰነድ ለመርማሪዎቹ ያስረክቡ። ካሣ ሲከፈል የኦሮሞው ሟች ቤተሰብና የሶማሌው ሟች ቤተሰብ ከአንድ የመንግሥት ካዝና፣ በአንድ ልክ ይከፈላቸው። ወደ ቀዬው መመለስ የሚፈልግ የሶማሌ ቤተሰብ ግጦሹ፣ ውሃውና የቀበሌ መታወቂያው እንደማንኛውም ነዋሪ ይጠበቅለት፤ በሶማሌ ክልል ያለውም ኦሮሞ እንዲሁ።

ለቦኬ፣ ለዳሮ ለቡና ለሐዊ ጉዲና ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። መርማሪ ሲመጣ ጋዱሎ ላይ ያየ ያየውን ይመስክር፤ የእኔ ልጅ ነው ብሎ አይሸሽግ። ሐዊ ጉዲና ላይ የተገደሉብንን ስንጠይቅ አንገታችንን ቀና የምናደርገው ያኔ ነው።

ደብዳቤው ከደረሳችሁ በኋላ መዝገቡ ተከፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ካልተከፈተም ምክንያቱን፣ በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። መልሱ በኦሮምኛም በሶማልኛም ተጽፎ በሦስቱ ወረዳዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይለጠፍልን።

ከአክብሮት ጋር
ቦኬ፣ ምዕራብ ሐረርጌ